የታዋቂ ሰዎች ታሪክ፦ ቦብ ማርሌ እና የፈረስ ሜዳው ኮንሰርት

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ ለ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ታሪክ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት የታዋቂውን የሬጌ ሙዚቀኛ የቦብ ማርሌን የሕይወት ታሪክ ነው። መልካም ንባብ።

ቦብ ማርሌን የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ፎቶው ባጃጅ ላይ አለ፣ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ አለ፣ ቲሸርት ላይም አለ። ግን የክፍላችንን ልጆች ስለ እሱ ምን ታውቃላችሁ ብዬ ስጠይቃቸው አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው አለኝ። አንዷ ደግሞ እስካሁን በሕይወት ያለ መስሏታል። ሌሎቹ ስለ ፀጉሩ እና ስለሚያጨሰው ነገር ብቻ አወሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከነሱ የተሻለ አላውቅም ነበር። ታሪኩን ሳነብ ግን አንድ ምሽት ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በዛ ምሽት ቦብ ማርሌ በጥይት ከተመታ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። እሱ ግን ድሮ የፈረስ እሽቅድምድም ይደረግበት በነበረ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ 80 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ዘፈነ። እንዴት እዛ ምሽት ላይ እንደደረሰ ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ። በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልኳችሁ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ቦብ ማርሌ የተወለደው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945፣ በእኛ ጥር 29 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። የትውልድ ቦታው ጃማይካ ውስጥ ናይን ማይል የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ጃማይካ በካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች ደሴት ናት። እናቱ ሴዴላ ጥቁር ጃማይካዊት ስትሆን እሱን ስትወልድ ገና 18 ዓመቷ ነበር። አባቱ ኖርቫል ማርሌ ነጭ ሲሆን በዕድሜ በጣም ይበልጣታል። አባትየው ከነሱ ጋር አልኖረም፣ ቦብ 10 ዓመት ሲሆነው ደግሞ ሞተ። ቦብ አባቱ ነጭ እናቱ ጥቁር ስለሆነች የሰፈር ልጆች ይሰድቡት ነበር።

12 ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ኪንግስተን ይዛው ሄደች። የኖሩት ትሬንች ታውን በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። ቦብ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ብየዳ መማር ጀመረ። (ቲቸሮች እንዳትቆጡኝ፣ ትምህርት ማቋረጥ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም!) አንድ ቀን ሲበይድ የብረት ስባሪ ዓይኑ ውስጥ ገባና በጣም ተሠቃየ። ከዛ በኋላ ልቡ ሙሉ በሙሉ ወደ ሙዚቃ ሄደ።

ሙዚቃ ሲጀምር

በትሬንች ታውን ጆ ሂግስ የሚባል ዘፋኝ ነበር። የሰፈሩን ልጆች ግቢው ውስጥ እየሰበሰበ በነፃ ድምፅ ያስተምር ነበር። ቦብ፣ ጓደኛው በኒ እና ፒተር ቶሽ እዛ ተማሩ። ቦብ የመጀመሪያ ዘፈኑን የቀረጸው በ1962 ሲሆን ዕድሜው 17 ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሦስቱ ከሌሎች ልጆች ጋር ሆነው ዌይለርስ የሚባለውን ቡድን አቋቋሙ።

የመጀመሪያው ትልቅ ተወዳጅ ሥራቸው ስለ ፍቅር አልነበረም። የኪንግስተን ጠበኛ ወጣቶች ንዴታቸውን እንዲያበርዱ የሚመክር ዘፈን ነበር። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን። ቦብ ከ20 ዓመቱ በፊት ጀምሮ የሰፈሩ ጠብ ያስጨንቀው ነበር ማለት ነው።

የጃንሆይ ጉብኝት

በፌብሩዋሪ 1966 ቦብ ሪታ የምትባል ዘፋኝ አገባ። ወዲያው ግን እናቱ ወደምትኖርበት ወደ አሜሪካ ሄዶ የመኪና ፋብሪካ ውስጥ ሳይቀር የጉልበት ሥራ ሠራ። እሱ አሜሪካ እያለ፣ በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ጎበኙ። ራስ ተፈሪያን የሚባሉት አማኞች ስማቸውን ያገኙት ጃንሆይ ከመንገሣቸው በፊት ከነበራቸው ስም ነው። በዛ ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ጎረፈ። ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ጃንሆይ ለተወሰነ ጊዜ መውረድ እንኳን አልቻሉም ነበር።

ሪታ መንገድ ላይ ቆማ ጃንሆይን አየቻቸው፣ ያየችውንም ለባሏ ነገረችው። ቦብ ሲመለስ እሱም ቀስ በቀስ የራስ ተፈሪያንን እምነት ተቀበለ። ከዛ ጊዜ ጀምሮ የኢትዮጵያ ስም ከዘፈኖቹ አልጠፋም። ጃንሆይ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ስለ ዘር እኩልነት እና ስለ ሰላም ያደረጉትን ንግግር ባንዱ በ1976 ዘፈን አደረገው። የዘፈኑ ስም ዋር፣ ማለትም ጦርነት ነው። ይሄንንም ያዙልኝ።

የፈረስ ሜዳው

በ1976 ቦብ በዓለም የታወቀ ሰው ሆኗል። አገሩ ግን ሰላም አልነበራትም። ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ነበሩ፣ ለያንዳንዳቸው ደግሞ መሣሪያ የያዙ የሰፈር ወጣቶች ነበሯቸው። ኪንግስተን በሰፈር ተከፋፍላ ሰው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሻገር ይፈራ ነበር። ትሬንች ታውንም ውስጥ እንደዛው። በዛ ዓመት ጁን ወር ላይ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ።

ቦብ ለሁሉም ሰፈር ሕዝብ በነፃ ኮንሰርት ለማቅረብ አሰበ። የሁለቱም ወገን ሰው አንድ ቦታ ቆሞ እንዲስቅ እና እንዲጨፍር ነበር ፍላጎቱ። የኮንሰርቱ ስም ስማይል ጃማይካ ተባለ፣ ጃማይካ ፈገግ በይ እንደማለት ነው። ቀኑ ዲሴምበር 5፣ በእኛ ኅዳር 26 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ እሑድ ሆነ። ዲሴምበር ቢሆንም ጃማይካ ሞቃት አገር ስለሆነች ማታ ደጅ መቆም አይከብድም።

ቦታው ናሽናል ሂሮስ ፓርክ ነው፣ የጀግኖች መናፈሻ ማለት ነው። ይሄ ቦታ ከ100 ዓመት በላይ፣ እስከ 1953 ድረስ፣ የኪንግስተን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር። አያቴ ጃንሜዳም ድሮ ፈረስ ይሽቀዳደምበት ነበር ብሎ ነግሮኛል። እኛ ጃንሜዳን የምናውቀው በጥምቀት እና በሩጫ ነው። ፈረስ እንደልቡ የሚሮጥበት ቦታ ብዙ ሕዝብም ይይዛል። የኪንግስተኑም ሜዳ እንደዛ ነው ብዬ በሐሳቤ ስየዋለሁ። ማርከስ ጋርቬይን የመሳሰሉ የጃማይካ ጀግኖች የተቀበሩትም እዚሁ ነው። ከትሬንች ታውን ብዙም አይርቅም።

ነገር ግን ኮንሰርቱ ከተነገረ በኋላ መንግሥት የምርጫውን ቀን ዲሴምበር 15 ብሎ ቆረጠ። ከኮንሰርቱ አሥር ቀን በኋላ ማለት ነው። ኮንሰርቱ የተዘጋጀው ከመንግሥት ጋር በመተባበር ስለነበር ብዙ ሰው ቦብ ለገዢው ፓርቲ ሊቀሰቅስ ነው ብሎ ጠረጠረ። ቦብ ማንንም ወገን ለመደገፍ አልፈለገም ነበር። ግን ማን ይስማው? ማስፈራሪያ ይደርሰው ጀመር።

ሦስቱ ቀኖች

ዓርብ ዲሴምበር 3 ማታ፣ ቦብ ቤቱ ውስጥ ከባንዱ ጋር ሲለማመድ ቆይቶ ለእረፍት ወጣ። በዛች ሰዓት የታጠቁ ሰዎች ግቢው ውስጥ ገብተው ተኮሱ። ቦብ ደረቱን ጥይት ጭሮት አልፎ ክንዱ ውስጥ ገባ። ሪታ መኪና ውስጥ እንዳለች ጭንቅላቷን ተመታች። ማናጀሩ ዶን ቴይለር ከሁሉም በላይ ተጎዳ፣ ብዙ ጥይት ነው የመታው። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልሞተም።

ቦብ ሆስፒታል ታክሞ ከከተማው ውጪ ተራራ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ተደበቀ። ቅዳሜ እዛው ዋለ። እሑድም ተኳሾቹ አልተያዙም ነበር። ከባንዱ አባላት አንዳንዶቹም ፈርተው ተደብቀዋል። ማንም ሰው ኮንሰርቱ ቀርቷል ቢል አይፈረድበትም።

ሕዝቡ ግን መጣ። እሑድ ማታ ሰዉ እየጎረፈ የድሮውን የፈረስ ሜዳ ሞላው። መግቢያ በነፃ ነው፣ ጣሪያ የለም፣ ከላይ ሰማይ ብቻ ነው። ሌሎች ባንዶች ቀድመው ተጫወቱ። ቦብ ይምጣ አይምጣ ግን ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ተራራው ላይ ያሉት ጓደኞቹም እኩሌቶቹ ሂድ ይሉታል፣ እኩሌቶቹ ይቅርብህ ይሉታል። ሕዝቡ ሜዳው ላይ እየጠበቀው መሆኑ ተነገረው።

ሄደ።

መድረክ ላይ ሲወጣ በቆሰለው ክንዱ ጊታር መያዝ አልቻለም። በሌሉት የባንዱ አባላት ቦታ ሌሎች ሙዚቀኞች ገብተው ተጫወቱለት። ሪታ ጭንቅላቷን እንደታሸገች፣ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ከጎኑ ቆማ ዘፈነች። ያሰበው አንድ ዘፈን ብቻ ዘፍኖ ለመውረድ ነበር። የጀመረውም ዋር በሚለው ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ጃንሆይ በጉባኤ ላይ የተናገሩትን ንግግር አንድ የቆሰለ ሰው ጃማይካ ውስጥ በፈረስ ሜዳ ላይ ለ80 ሺህ ሰው ዘፈነው።

ከዛ አንዱ ዘፈን ሌላውን አመጣ። ሕዝቡ እየጨፈረ፣ እሱም እየጨፈረ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ሲጨርስ ልብሱን ገልጦ ቁስሉን ለሕዝቡ አሳየ። ከዛ ከመድረክ ወረደ። ሰዉ በሰላም ወደ ቤቱ ሄደ። ቦብ በማግሥቱ አገሩን ለቆ ወጣ።

ከዛ በኋላ

ቦብ ከአንድ ዓመት በላይ በስደት፣ በተለይ በእንግሊዝ አገር ለንደን ኖረ። ጥይቱ ከክንዱ ውስጥ አልወጣም፣ ቢወጣ ጣቶቹ ሊደነዝዙ ይችላሉ ስለተባለ ነው። እዛ ሆኖ ኤክሶደስ የሚባለውን በጣም ታዋቂ አልበም በ1977 አወጣ።

አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። በ1978 የሁለቱም ወገን የጠብ መሪዎች ለንደን ድረስ ሄደው ቦብ እንዲመለስ ለመኑት። እሱም ተመልሶ ኤፕሪል 22 ቀን ኪንግስተን ስታዲየም ውስጥ ሌላ ኮንሰርት አቀረበ። እዛ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ማይክል ማንሊን እና ተቃዋሚውን ኤድዋርድ ሲያጋን ወደ መድረክ ጠርቶ የሁለቱን እጅ አያይዞ ወደ ላይ አነሳው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አላለቀም። ጠቡ ተመልሶ መጣ፣ በ1980 ምርጫ ጊዜም በጃማይካ ብዙ መቶ ሰው ተገደለ። ዘፈን ብቻውን ጦርነት አያቆምም። ይሄን መደበቅ አልፈለግኩም።

ወደ ኢትዮጵያ

ቦብ በ1978 መጨረሻ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ጊዜው የደርግ ዘመን ነው፣ ጃንሆይ ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏል። የመጣው ለመዝፈን ሳይሆን አገሪቱን ለማየት ነበር። ጃንሆይ ለጥቁር ሕዝቦች መሬት ወደሰጡበት ወደ ሻሸመኔ ሄዶ እዛ የሚኖሩትን ጃማይካውያን ጎበኘ። ስታስቡት አይገርምም? አሁን ፎቶው በየባጃጁ ላይ ያለ ሰው ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም እንግዳ መጥቶ ሄደ።

በኤፕሪል 1980 ደግሞ ዚምባብዌ ነፃ ስትወጣ በበዓሉ ላይ ዘፈነ። መሣሪያዎቹን የወሰደው በራሱ ገንዘብ ነው። ውጪ የቀረው ሕዝብ ለመግባት ሲገፋ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ኮንሰርቱም ለጥቂት ጊዜ ቆመ። ጭሱ ሲቀንስ ቦብ ተመልሶ ዘፈነ።

የመጨረሻዎቹ ወራት

ቦብ ኳስ በጣም ይወድ ነበር። በ1977 የእግሩ ጣት ላይ የነበረው ቁስል አልድን ብሎ ሲመረመር የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች ጣቱ ይቆረጥ ሲሉ እሱ አልተስማማም። ካንሰሩ ቀስ በቀስ በሰውነቱ ተሰራጨ። በሴፕቴምበር 1980 ኒውዮርክ ውስጥ ሲሮጥ ወደቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ፒትስበርግ በምትባል ከተማ የመጨረሻ ኮንሰርቱን አቀረበ።

በኖቬምበር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ጀርመን አገር ለወራት ታከመ፣ ግን አልሆነም። ወደ ጃማይካ ለመመለስ ጉዞ ላይ እያለ ማያሚ ላይ ሜይ 11 ቀን 1981፣ በእኛ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ በ36 ዓመቱ ሞተ። ቀብሩ የተፈጸመው በተወለደባት መንደር በናይን ማይል ነው። ጊታሩም አብሮት ተቀበረ። በ2005፣ የተወለደበት 60ኛ ዓመት ሲከበር፣ ሪታ እና ልጆቹ አዲስ አበባ መጥተው መስቀል አደባባይ ላይ ትልቅ ኮንሰርት አቀረቡ። ያን ጊዜ እኛ አልተወለድንም ነበር።

ከቦብ ማርሌ ታሪክ ምን እንማራለን?

ይሄን ጽሑፍ ለእማዬ ሳነብላት አልተደሰተችም። ሰው በጥይት ተመትቶ መተኛት ሲገባው ለምን መድረክ ላይ ይወጣል፣ ሪታስ ልጆች ያሏት እናት አይደለችም ወይ፣ ቢሞቱስ ልጆቹን ማን ያሳድግ ነበር አለችኝ። ወንድሜ ደግሞ ጀግና ማለት እሱ ነው አለ። እራት ላይ ሲከራከሩ አመሹ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ብዬ አስባለሁ።

አሁን የራሴን ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው የክፍሎች የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ 7ኛ ሀ እና 7ኛ ለ እንደተጣላን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እስካሁን በእረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ እነሱ በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ በኩል ነው የምንቆመው። በማግሥቱ ጠዋት የጨዋታውን ውጤት በማይክ ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አንዳንድ ልጆች ካነበብሽ ታያለሽ ብለው አስፈራሩኝ። እኔም ጉሮሮዬን አሞኛል ብዬ ለክበባችን አስተባባሪ ዋሸሁ። ውጤቱም ሳይነበብ ቀረ። ጥይት አልነበረም እኮ! የልጆች ማስፈራሪያ ብቻ ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቦብ ማርሌ የአገሩን ጠብ አላቆመም። ግን በዛች ምሽት የሁለቱም ወገን ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ቆሞ አንድ ዘፈን እየሰማ ጨፍሯል። እሱ ተራራው ላይ ቢቀር ኖሮ ሕዝቡ በባዶው ይመለስ ነበር፣ ያስፈራሩትም አሸነፉ ማለት ነው። እኔ የተማርኩት ይሄን ነው።

ዓርብ በረጅሙ እረፍት ክበባችን ሙዚቃ ያሰማል። የቦብ ማርሌን ዘፈን መርጠናል። ማይኩን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ያልተነበበውንም ውጤት መጀመሪያ አነባለሁ። 7ኛ ሀዎችም 7ኛ ለዎችም መሀል ሜዳ ድረስ ብትመጡ ደስ ይለኛል።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።